በሩን እያዩ መጻፍ

መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ያያት ሰው፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ በጀርባዋ የደገፈችው ይመስለዋል። ከሰሌዳው ጎን ትለጠፍና ቀኝ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ትጽፋለች፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አይነቀልም። የምትጽፈውን ስለማታየው ፊደሎቹ ቁልቁለት እንደያዘው ጋሪ ወደ ታች ይንሸራተታሉ።

የምታስተምረው በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ ስለነበር ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ መስኮቱም ከጣሪያው ሥር የተወሸቀ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኖቹ ያጓራሉ። ተማሪዎቿ ሥራ ሲያበቁ እጃቸውን እያደራረቁ የሚገቡ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እንዲህ ያደረጋት ቀድሞ ባስተማረችበት ትምህርት ቤት የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ የነበረው ሰው ነው። ሰውየው እንደ ድመት ኮቴ አልነበረውም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው እስክታዞር ጠብቆ ሹልክ ብሎ ይገባና ከልጆቹ መሀል ይቀመጣል። ከዚያ ከጀርባዋ «መምህርት፣ እርግጠኛ ነሽ?» ይላታል። ደንግጣ ስትዞር፣ ፈገግ ብሎ «መምህርታችሁ ልክ ናት የምትሉ እጅ አውጡ» ይላል። ልጆቹ የእሱን ዓይን አይተው እጃቸውን ጠረጴዛ ሥር ይደብቃሉ። ሌሎቹ መምህራን ያውቁ ነበር፤ ግን ማን የነብር ጅራት ይይዛል? መጀመሪያ ትናደድ ነበር። ቀጥሎ መጠራጠር ጀመረች። በመጨረሻ የገዛ ስሟን ስትጽፍ እንኳ እጇ ይቆምባት ጀመር። ያኔ ወጣች። ወጣች እንበል እንጂ፣ ሰውየውን በጀርባዋ አዝላው ነው የወጣችው።

አንድ ሰኞ የማጠቢያ ቤቱ አለቃ ብቅ አለች።

«መምህርት፣ ሐሙስ ገምጋሚ ትመጣለች። ከኋላ ቁጭ ብላ ታያችኋለች። ሰዎቼ ሲማሩ ካየች ትቀጥያለሽ፤ ካላየች ክፍሉን ለሳሙና ነው የምፈልገው። እንግዲህ እንዳታሳፍሪኝ!»

ከኋላ ቁጭ ብላ! መምህርቷ ሌላውን አልሰማችውም። ይህ ከተዘጋባት ወደ ሰሌዳ ዳግመኛ እንደማትመለስ ታውቃለች። እሷ ራሷ ብትቀር ክፍሉ ይዘጋል፤ ብትመጣ ያው ዓይን ከጀርባዋ ይቀመጣል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ማክሰኞ ተማሪዎቿን ለማለማመድ አንድ በአንድ አስነሳቻቸው። የመጀመሪያዋ «የመንታ እናት» የሚሏት አንሶላ አጣፊ ነበረች። የልጆቿ አስተማሪ ደብተር ላይ የጻፈውን ማንበብ አቅቷት ስትጨነቅ ነው ትምህርቱን የጀመረችው። ሴትዮዋ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ጀርባዋን ከግድግዳው ለጠፈች፤ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። «ልጆቼ ሁለት ናቸው» ብላ ስትጨርስ የመጨረሻዋ ፊደል ከሰሌዳው ወርዳ ግድግዳው ላይ አርፋለች።

ቀጥሎ ሽማግሌው ዘበኛ ተነሱ። እሳቸውም ተለጠፉ። ልብስ በካውያ የሚተኩሰውም እንዲሁ።

መምህርቷ ደሟ ፈላ። እያሾፉብኝ ነው አለች በልቧ። ግን የመንታ እናት ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሎ አየች። የሚያሾፍ ሰው እንዲህ አያልበውም።

«እህቴ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ ቆማችሁ የምትጽፉት?»

«እንዴ! እርስዎ እንደዚህ አይደል እንዴ የሚጽፉት?»

«እኔማ የተማረ ሰው ወግ ነው ብዬ» አሉ ዘበኛው፣ «ቤቴ ግድግዳ ላይ ስለማመድ ሚስቴ አየችኝና ‹አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ማን ያባርርሃል?› አለችኝ። ‹ዝም በይ አንቺ፣ ዕውቀት ነው!› አልኳት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የመንታ እናት ብቻ አልሳቀችም።

«ልጆቼንም እኮ እንደዚህ ነው የማስጽፋቸው። አቀርቅረው ሲጽፉ ‹ቀና በሉ! በሩን እያያችሁ ጻፉ፣ ያለዚያ ሰው አትሆኑም› እያልኩ እቆጣቸዋለሁ። አንዷ ትናንት አለቀሰች። መምህርት፣ ተሳስቻለሁ እንዴ?»

መምህርቷ ግድግዳው ላይ ያረፈችውን ፊደል አየች። ያ ሰውዬ አይቷቸው በማያውቃቸው ልጆች ቤት ገብቶ ተቀምጧል። በር የከፈተችለት ደግሞ እሷ ናት።

«አንቺ አልተሳሳትሽም» አለቻት። «ዕውቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የእኔ ፍርሃት ነው፤ ሳላውቅ አስተማርኳችሁ።» ስለ ኃላፊው፣ ስለ ድምፁ፣ ከጠረጴዛ ሥር ስለተደበቁት እጆች በአጭሩ ነገረቻቸው። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ዘበኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ይዙሩና ይጻፉዋ! በሩን እኔ አይልዎታለሁ። የምበላውስ በር አይቼ አይደል?»

ዞረች። ሁለት ፊደል እንደጻፈች ከግድግዳው ወዲያ አንዱ ማሽን ቆመ፤ ድንገት ጸጥ ሲል ብርግግ ብላ ዞረች። እንደገና ሞከረች፤ አንድ ሰው ሳል ያዘው፤ ዞረች። በሦስተኛው ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አይዞሽ አላላትም።

«ለዛሬ ይበቃናል» አለች።

ረቡዕ ታምሜያለሁ ልትል ስልኳን አነሳች። በሩን እያየች የምታለቅስ ልጅ ድቅን አለችባት። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ገምጋሚዋ ዘገየችና ትምህርቱ ሳትመጣ ተጀመረ። መምህርቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ጀርባዋ እርጥብ አንሶላ እንደጣሉበት ቀዘቀዘ። የሆነው ይሁን ብላ መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ በሩ ሲጥ አለ። የማታውቀው ጫማ ገባ፤ ከኋላ ወንበር ተሳበ። እጇ ባለበት ደረቀ፤ አንገቷ ዙሪ ዙሪ አላት።

«መምህርት።» የመንታ እናት ድምፅ ነበር። «ያቺ ሦስተኛዋ ቃል… እርግጠኛ ነዎት?»

ጠያቂዋ የጠየቀችው ምን እንደሆነ ገና አሁን ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች። መምህርቷ ግን ይህን አላየችም። በዚህች ጥያቄ ስንት ጊዜ ሞታለች! ዞራ ፊታቸውን ብታይ ፊታቸው ላይ መልስ እንደምትፈልግ ገባት፤ ስለዚህ ያቺኑ ቃል ብቻ አየች። ከመጀመሪያ ፊደሏ እስከ መጨረሻዋ፣ ቀስ ብላ። ቃሏን ታውቃታለች። ሰውየው ሳይመጣም ታውቃት ነበር።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች ለሰሌዳው። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«እኔ ግን… ደብተሬ ላይ ሌላ ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው የአንቺን እናርማለን፣ እህቴ።»

ዘበኛው ከት ብለው ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። መምህርቷ ቀጠለች። የመንታ እናት የተሳሳተችበትን እያስረዳች ጻፈች፤ ልብስ ተኳሹ ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ ሰሌዳው ሞላ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ነበር። ስትዞር የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

«ገምጋሚዋስ?»

«ኧረ እሷ ከወጣች ቆየች!» አሉ ዘበኛው። «በሩ ላይ ለአለቃችን ‹ይቀጥሉ› ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርስዎ አልሰሙም እንዴ?»

አልሰማችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጀርባዋ ገና አልሞቀም፤ ነገም እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች።

«በሉ» አለች ጠመኔውን ወደ ተማሪዎቿ ዘርግታ፣ «ቀጥሎ ማን ነው?»