ሰው ያልሞተበት መርዶ

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። ስሜ ዲበኩሉ ነው፤ በሰፈራችን ግን በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ሰው ነው። «ጡሩምባው መጣ» ይላሉ። ለሠርግ አልጠራም፣ ለምርቃት አልጠራም፤ ሰው ሲሞት ግን ቤቴ ማንንም አይጠፋውም። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍም በእኔ እጅ ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቁን ብረት ድስት የምጠብቅ እኔ፤ ሊቀመንበር ተብሎ ከፊት የሚቀመጠው ደግሞ አቶ ነጋሳ።

ነጋሳና እኔ እዚሁ አዳማ አንድ ክፍል ተምረናል። ሰባተኛ ክፍል ሆነን መስኮት ተሰበረ። ማነው የሰበረው ሲባል እሱ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ አልነበርኩም። አባቴ የሚከፍለው አልነበረውም፤ ከትምህርት በዚያው ቀረሁ። እሱ ተማረ፣ ነገደ፣ ባለ ፎቅ ሆነ፣ በጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ ተባለ። እኔ የሰው ሞት እለፍፋለሁ። ረስቼዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከአንድ ለቅሶ የተመለሱትን ድስቶች ደፍቼ ደርድሬ፣ ቤቱን ቆልፌ ሄጄ ነበር። በሌላ ቀን ስከፍት የድስቶቹ ጥቁር ቂጥ በነጭ ጠመኔ ተሞልቷል። ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የፈረንጅ ፊደል። ቁልፉ እንዳለ ነው። አግዳሚዎቹ ግን ግድግዳውን ትተው መሀል ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

መተት ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? የሙት ዕቃ ባለበት ቤት፣ በድስት ቂጥ ላይ የተጻፈ ነገር በእኛ ሰፈር ሌላ ስም የለውም። አጥቤው ወደ ነጋሳ ሱቅ ሄድኩ።

«ዲበኩሉ» አለኝ፣ ደንበኞቹ እየሰሙ፤ «ሰው ሳይሞት ሲቆይ ሥራ ፈትነቱ አናትህ ላይ ይወጣል መሰለኝ።»

ሳቁብኝ። እኔም ለራሴ፣ የሠራውን ሰው ይዤ እሑድ በእድሩ ጉባኤ ፊት አቆመዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ገብቼ ከተጣጠፈው ድንኳን ጀርባ ተቀመጥኩ። የአዳማ ሙቀት ከቆርቆሮ በታች ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ብዙም ሳልቆይ የጀርባው ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ ጥጉ ተገለበጠና የተማሪ ቦርሳ ወደቀ። ከቦርሳው ኋላ አንዲት ልጅ ገባች፤ ሌላም፣ ሌላም። ሁሉም ሴቶች ናቸው። አንዷ ድስቱን እየገለበጠች፣ «ያቺን ፎርሙላ ማነው ያጠፋት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጩኸቱን ልተወው። አንዷ በገባችበት ልትወጣ ስትል ቀሚሷ በቆርቆሮው ተያዘ።

«ጋሼ ዲበኩሉ!» አለች ጠመኔ የያዘችው። ኢፍቱ ናት፤ አባቷ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነው። «መንፈስ መስለውን እኮ ነው! ትንሽ ቢያስሉ ምን ነበረበት?»

«ሌባ ሊይዝ የመጣ ሰው ያስላል? እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እናጠናለን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብናል።»

«ቤተ መጻሕፍት ጠፍቶ የሙት ዕቃ ቤት ውስጥ?»

«ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስንሄድ በከባድ መኪናዎቹ መቆሚያ ነው የምናልፈው» አለች ኢፍቱ። «አመሻሽ ላይ እጃችንን ይይዙናል። እዚህ ግን ማን ይመጣል? ወንዶቹ ሁሉ ይህን ቤት ይፈሩታል። በሰፈሩ ውስጥ እንደዚህ ቤት ሰላም የለም፣ ጋሼ።»

ቤቱ ስለሚያስፈራ ሰላም አገኙበት። ለስንት ዓመት ቁልፉን ይዤ ይህን አላሰብኩትም።

ከዚያ ከጥግ ፊቷን በደብተር የሸፈነችውን አየሁ። ፋና ናት። የነጋሳ ልጅ! ሐቁን ለመናገር ደስ አለኝ። የሊቀመንበሩ ልጅ የእድሩን ቆርቆሮ ገልብጣ ስትገባ ተያዘች ብዬ ስናገር ነጋሳ የሚሆነውን አሰብኩ።

ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ኢፍቱ ከወንድሞቿ ጋር በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው፤ ገባኝ። የሌሎቹም ይገባኛል። ፋና ግን የራሷ ክፍል አላት፤ ጄኔሬተር አላቸው። እሷ እዚህ ምን ትሻለች? ይህን ሳላውቅ ለጉባኤ አልናገርም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቆርቆሮ ከሚሾልኩ ብዬ እንደ ሰው በበሩ እንዲገቡ ከፈትኩላቸውና እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ፋና፣ ቤታችሁ ክፍል ሞልቶ?» አልኳት።

«መብራት ይጠፋል።»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ይጮሃል።»

ይህ መልስ አይደለም። ማየት ጀመርኩ። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቦርሳዋን ዘግታ፣ ምንም ሳታነብ ትቀመጣለች። የአባቷ መኪና በኮብልስቶኑ ላይ ሲያልፍ ከሰማች ብቻ ትነሳለች። አንድ ቀን ነጋሳ ወደ ላንጋኖ ለስብሰባ ሄዶ ሳይመለስ መሸ፤ ልጅቷ ከወንበሩ አልተነሳችም።

«አባትሽ እስኪገባ ነው አይደል የምትጠብቂው?» አልኳት።

ወደ ኢፍቱ ዞረች። ኢፍቱ አብራት ቆይታ ነበር። «ንገሪያቸው» አለቻት። «ወይ እኔ ልንገራቸው።»

«የክፍሌ መቀርቀሪያ ሁለቴ ተነቀለ» አለች ፋና፣ ወደ መሬት እያየች።

«ማን ነቀለው?»

«ቀልቤሳ።»

ቀልቤሳን አውቀዋለሁ። የእናቷ የወይዘሮ ደራርቱ የአክስት ልጅ ነው፤ ሞጆ ሥራ አግኝቶ እነሱ ቤት ይኖራል። ጎረምሳ አይደለም፤ ጢም ያወጣ ሰው ነው።

«እስካሁን አልነካኝም» አለች ቶሎ ብላ። «አባዬ ከሌለ በሩ ላይ ይቆማል። ስሜን ቀስ ብሎ እየጠራ... ለእናቴ ነገርኳት። ‹ወንድምሽ ነው፣ ሊቀልድ ነው› አለችኝ።»

«ለአባትሽስ?»

«እናቴ እንዳትነግሪው፣ ይጋደላሉ ብላ አስማለችኝ። እርስዎም እንዳይነግሩት፣ ጋሼ። ከእርስዎ አፍ ከሰማው ጭራሽ አያምንም። ‹ዲበኩሉ ቂመኛ ነው፣ ቤቴን ሊያፈርስ ነው› ነው የሚለው።»

ልጅ ናት፤ የሰማችውን ተናገረች። ቂመኛ። ያኔ መስኮት ያሸከመኝ ሰው ቂመኛ ይለኛል። ግን ልክ ናት፤ ብቻዬን ብሄድ ነጋሳ በሩን አይከፍትልኝም። ያን ቀን መኪናው እስኪመጣ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሳስብ ቆየሁ። እዚህ ሰፈር ማንም ሰው ሳያቅማማ የሚያምነው ምን ዓይነት ወሬ ነው?

ከዚያ መጣልኝ። መርዶ ነው። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ በስልክም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። እንደዚያ የመጣን ሰው ውሸታም ያለ አላየሁም።

«እማማ ወሰንየለሽ ቢናገሩስ?» አልኳት ፋናን። እማማ ወሰንየለሽ በሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ናቸው፤ ስንቱን እናት ደግፈው አንስተዋል።

ፋና ቀና ብላ አየችኝ። «እሳቸው ከሆኑ እሺ» አለች።

እማማ ወሰንየለሽ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ «ገመዳን ጥራ» አሉኝ። አባ ገመዳ የእድሩ ታላቅ ሽማግሌ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሦስታችን የነጋሳን በር አንኳኳን።

ነጋሳ በፒጃማ ከፈተ። መጀመሪያ አባ ገመዳን፣ ቀጥሎ እማማን፣ በመጨረሻ እኔን አየ። እኔን ሲያይ የበሩን ብረት ያዘ።

«ማነው?» አለ። «እናቴ ናት? ከወለንጪቲ ነው ወሬው?»

ወይዘሮ ደራርቱ ከውስጥ ሰማች መሰለኝ ራሷን ይዛ ጮኸች። ሳልነፋ ለቅሶው ተጀመረ! ከጎረቤት አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች፤ ሌላውም ተከተላት። መርዶ እንዲመስል ስል ይህን አላሰብኩም ነበር።

«ዝም በሉ!» አሉ እማማ ወሰንየለሽ። «የሞተ የለም! ሁላችሁም ወደየቤታችሁ። ነጋሳ፣ እናትህ ደህና ናት። ገብተን እንቀመጥ፤ ልጅቷም ትምጣ።»

ሳሎን ተቀመጥን። ፋና ከእማማ ጎን ተቀመጠች፤ እማማ እጇን ያዙ። ሳያሳንሱም ሳይጨምሩም ተናገሩ። እኔ ነጋሳን ነበር የማየው። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ከሳሎኑ ወደሚታየው የፋና ክፍል ሄደ። በበሩ መቃን ላይ የድሮው ብሎን ቀዳዳ አለ፤ ከበታቹ ደግሞ ሌላ። ጣቱን ከተተበት።

«ቀልቤሳ!» አለ ሲመለስ። ሰውየው እያዛጋ ወጣ። «ልብስህን ሰብስብ።»

«ምን አጠፋሁ? ቀልድ...»

«ሰብስብ አልኩህ!»

«ነጋሳ!» አለች ወይዘሮ ደራርቱ። «የአክስቴ ልጅ እኮ ነው! ወለንጪቲ ያሉ ዘመዶቼ ምን ይሉኛል?»

«የሚሉሽን ይበሉሽ። ልጅሽ ነግራሽ ነበር?»

ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«መሄዱ ብቻ አይበቃም» አሉ አባ ገመዳ። «ነገ ሌላ ቤት ያርፋል። ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ይነገራል።»

«አባ ገመዳ፣ ስሜ...» አለ ነጋሳ።

«የአንተን ስም ማንም አልነካውም» አሉ እማማ። «የተነካው የልጅቷ በር ነው።»

አንገቱን ደፋ። «እሺ» አለ። ስንወጣ እስከ በር ሸኘን፤ እኔን ግን ወደ ኋላ አስቀረኝ።

«ለምን ብቻህን መጥተህ አልነገርከኝም?»

«ብቻዬን ብመጣ ትከፍትልኝ ነበር?»

ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

እሑድ ጉባኤ ላይ የዕቃ ቤቱን ነገር አነሳሁ። «ድንኳንና አስከሬን በአንድ አፍ በሚጠራበት ቤት ልጅ ይማራል?» ያለ ነበር። ነጋሳ ተነስቶ ለቤቱ አምፖል እኔ አስገባለሁ አለና ተቀመጠ። ለቅሶ በሌለ ጊዜ ቤቱ ለተማሪዎች እንዲሆን ተፈቀደ። ሰው ከሞተ ደግሞ ወንበሩ ይወጣል፤ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ።

ቀልቤሳ ከሄደ በኋላ ፋና ትቀራለች ብዬ ነበር። አልቀረችም፤ እንደ ድሮው ትመጣለች። ትናንት ሲመሻሽ ነጋሳ መኪናውን ትቶ በእግሩ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ልጅቷን ልወስድ ነው» አለኝ። «ልግባ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቅ።»

በሩን አንኳኳ። ኢፍቱ አንገቷን አወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ ደግሞ ወጣች። «አንድ ጥያቄ ቀርቶናል ብላለች። ካልቸኮሉ ይጠብቁ ብላለች።»

ነጋሳ እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። አግዳሚዬ ላይ ፈቀቅ አልኩለት። ተቀመጠና ጠበቃት።