የዋይፋዩ ምሰሶ የት ይተከል?

ካሰች ነጠላዋን ገልብጣ መልበሷ የታወቃት የቀበሌው አዳራሽ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ አንገቷ ላይ ነበር። ላስተካክለው ስትል ጎረቤቷ ውዴ ደርሳ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እኔን! ማን ሞተብሽ?»

ካሰች አንገቷን ደፋች። ከዓረብ አገር በተመለሰችው በዚህች ሴት ላይ የያዛት ቅናት ሌላ ነው። በሰፈሩ ኢንተርኔት ቤቷ ያስገባች እሷ ብቻ ናት። የካሰች ልጅ እየሩስ ለፈተና ላጥና እያለች ማታ ማታ እዚያው ታመሻለች። ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ ውዴ ነው፤ ሳቋ እንኳ የውዴን መምሰል ጀምሯል። ነገ ደግሞ ይዛት ዓረብ አገር ብትሄድስ? ካሰች ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጥታለች።

የስብሰባው መሪ አቶ ዘውዱ ከተማው በራሱ ሊዘረጋው ስላሰበው ነጻ ዋይፋይ አስረዱ። ለሰፈሩ የሚደርሰው አንድ ምሰሶ ነው፤ የት እንደሚተከል ነዋሪው ይወስን አሉ።

«ከውዴ ደጅ፣ ከአስፋልቱ ዳር ይሁን!» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። «ተራ ስንጠብቅ እኛም እንጠቀም።»

«እናንተማ ተሳፋሪውንም ትረሱታላችሁ!» አለች አንዷ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ኧረ ሐዘንተኛ ተቀምጣ አትሳቁ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «መጀመሪያ እሷ ትናገር።»

ካሰች ተነሣች። ማንም አልሞተብኝም ማለት ነበረባት። አላለችም።

«ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ከእኛ ደጅ ይሁንልኝ» አለች፤ ነጠላዋን አላስተካከለችም። «ልጄ ሰው ቤት እያመሸች ተቸገርኩ።»

ሐዘንተኛን ማን ይቃወማል? እጅ ሁሉ ወጣ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የውዴ እጅ ነበር።

ማታ እየሩስ ደብተሯን ይዛ ልትወጣ ስትል ካሰች አስቆመቻት።

«ምሰሶው እኛ ደጅ ሊተከል ነው። ከእንግዲህ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እማ፣ ለኢንተርኔቱ ብቻ የምሄድ መሰለሽ?»

«እና ለምንድን ነው?»

«ፈተናውን ብወድቅስ ብዬ ስፈራ ውዴ ታስቀኛለች። አንቺ ግን ከእኔ ቀድመሽ ታለቅሻለሽ።»

«ዛሬን ቅሪ» አለቻት ካሰች።

እየሩስ ቀረች። ደብተሯን አስቀምጣ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ካሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚያስቅ ነገር ፈለገች፤ አፏ ላይ የሚመጣው ሁሉ ሥጋት ብቻ ሆነባት። ልጅቱ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቀች፤ ከዚያ ተነሥታ በሩን ቆለፈች።