ያልማለው ሾፌር

ሶዶ የዞን ከተማ ሆና ግንባታው ሲጧጧፍ የአቶ ሀብተሚካኤል የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅም አብሮ ደራ። እሳቸው ግን ከሱቁ ይልቅ የሚሳሱት ለአሮጌ ፒካፓቸው ነበር። ያ ፒካፕ ታዲያ በዚያ ክረምት ጠባዩ ተበላሸ። ማታ ደህና ገብቶ ያድራል፤ ጠዋት ቁልፍ ሲዞርበት ጭጭ። ሰፈሩ ወጥቶ ቁልቁለቱን ገፍቶ ካላስነሳው ንቅንቅ የለም። ባትሪው ወርዶ ቻርጅ ተደርጎ ተመለሰ፤ ያው ነው።

ቁልፉ የሚያድረው ሾፌሩ ሚልክያስ ዘንድ ነው። ሚልክያስ የሻንቶ ልጅ ነው፤ ጸጥ ያለ የወንጌል አማኝ፤ ለዓመታት የሱቁን ዕቃም የቤቱን ልጆችም ሲያመላልስ አንድ ቀን እንኳ አላስከፋቸውም። የሚተኛው ግቢው ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። አቶ ሀብተሚካኤል ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱና በመጨረሻ ደረሱበት፤ ይሄ ልጅ ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ መዝሙር እያዳመጠ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው!

«መኪናውን አልነካሁትም ጋሼ» አለ ሚልክያስ።

«ካልነካህ ማል! ሚካኤልን በል!»

«አማኝ ነኝ፣ አልምልም ጋሼ። አልነካሁም ካልኩ አልነካሁም ነው።»

ለአቶ ሀብተሚካኤል ይሄ ጥፋቱን ከማመን አልተለየም። እሳቸው ባደጉበት ቤት ንጹሕ ሰው ሳይጠየቅም ይምላል፤ መሐላ የሚፈራው እጁ ያለበት ብቻ ነው። ቁልፋቸውን ተቀበሉት። ሚልክያስ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እራት አቀረቡና ራሳቸው ሳይቀምሱ ተኙ።

ቁልፉ ከጋሼ ትራስ ሥር አደረ። ጠዋት አዞሩት። ጭጭ።

አቶ ሀብተሚካኤል ክው አሉ። መኪናውን አስገፍተው ኤሌክትሪሺያኑ ሚናስ ጋ ሲወስዱት በልባቸው የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን ያለ ጥፋቱ አባርሬው ከሆነስ?

ሚናስ መኪናውን አጥፍቶ በሮቹን ዘጋ። ከባትሪው አንዱን ገመድ ፈታና በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገናኘ። አምፖሏ በራች።

«አዩ ጋሼ? ተኝቶም ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ።»

በመስኮት እጁን አስገብቶ ፊውዞቹን ተራ በተራ መንቀል ጀመረ። የሬዲዮውን ነቀለ፤ አምፖሏ እንደበራች ናት፤ ጠጪው ሬዲዮው አይደለም። አቶ ሀብተሚካኤል ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። የውስጥ መብራቱን ፊውዝ ሲነቅል አምፖሏ ድርግም አለች። የጣሪያው መብራት ግን ጠፍቷል፤ ታዲያ የቱ ነው? ሚናስ ፊውዙን መልሶ ጎንበስ ሲል በዳሽቦርዱ መሳቢያ ስንጥቅ ቀጭን ብርሃን አየ። ከፈተው።

ውስጡ የጠበል ጠርሙስ ተጋድሟል። ለመኪናው ጥበቃ ብለው ራሳቸው አቶ ሀብተሚካኤል ያስቀመጡት ነው። የመሳቢያው ክዳን ጠርሙሱ ላይ እየተደገፈ በደንብ አይገጥምም፤ ሲገጥም መጥፋት የነበረባት የውስጧ መብራትም ሌት ተቀን ስትነድ ከርማለች። «ባትሪውም ደክሟል» አለ ሚናስ፣ ሳቁን እየዋጠ፤ «እሷው ትበቃዋለች።»

አቶ ሀብተሚካኤል ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እፎይ! ልጁ ውሸታም አይደለም። ጥፋተኛው እሳቸው መሆናቸው እንኳ ደስታቸውን አልቀነሰውም። ጠርሙሱን በክብር ወደ ቤት ላኩና መንዳቱ እምብዛም ባይሆንላቸውም ባጃጁ ሁሉ እየቀደማቸው ሻንቶ ገቡ።

ሚልክያስን በእናቱ ጓሮ ጎደሬ ሲኮተኩት አገኙት።

«ሚካኤልን፣ አጥፍቻለሁ ልጄ! ባትሪውን የጨረስኩት እኔው ነኝ። ሚካኤልን ነው የምልህ፣ ሁለተኛ ብጠራጠርህ...»

«ይተዉ፣ አይማሉ ጋሼ» አለ ሚልክያስ፣ ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ። «አጠፋሁ ብለዋል አይደል? አመንኩዎት።»

አቶ ሀብተሚካኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲምሉ ኖረዋል። እንዲህ በቀላሉ ያመናቸው ሰው ግን አልነበረም።