ቀለም የሚያስቆጥሩ ሰዎች

መኪናው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ ሲቆም፣ ርዕሰ መምህርቷ ከባሕር ማዶ የመጡትን በጎ ፈቃደኞች አንድ በአንድ ጨብጠው ወደ መኪናው ኋላ ዞሩ። እዚያ ሰው የለም። ያለው ጣሳ ነው፤ ቢጫ ቀለም፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ነጭ ቀለም።

«መምህራኑስ?» ሲሉ የወንድማቸውን ልጅ ጠየቁት።

ሰዎቹን ያመጣቸው እሱ ነው። ውጭ አገር ተምሮ ለመመለስ ሲሰናዳ አክስቱ ደውለው «ልጆቹ ያለ ቀለም ቀሩብኝ፤ ቀለም የሚያስቆጥራቸው ሰው ፈልግልኝ» አሉት። እሱም ቃል በቃል ተርጉሞ ለአንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አቀረበ። «የሚያስቆጥር» የምትለዋ ግራ አጋብታው ስለነበር፣ ብዙ ቀለም ማለታቸው ነው ብሎ አለፋት። የሒሳብ መምህሩ ሥራ መልቀቁን አክስቱ አልነገሩትም። አገር ያወቀውን ነገር ምን ብለው ይንገሩት? መምህር ካልተገኘ ስምንተኛ ክፍል ይዘጋል። ልጆቹ ወንዝ ተሻግረው ይማራሉ ይባላል፤ ይባላል እንጂ አብዛኞቹ ቤት ይቀራሉ።

«ቀለም ብለውኝ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«ብያለሁ። እኔ ትምህርት ስልህ አንተ ግድግዳ ሰማህ?»

ግድግዳውን አየው። ቀለም ያስፈልገዋል። ይህን ሊናገር አስቦ ተወው።

የቡድኑ መሪ ምን እንዳሉ ጠየቀችው። በጣም ተደስተዋል አላት።

አክስቱ ተስፋ አልቆረጡም፤ ከመካከላቸው ሒሳብ የሚችል እንዳለ ጠይቅልኝ አሉት። ጠየቀ። እንግዶቹ ለብቻቸው ተመካከሩ። ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥርስ ሠሪዋ ይቅርታ ጠየቀች። አትክልተኛው ግን ለመማር ዝግጁ መሆኑን ገለጸ።

«አንተስ?» አሉት አክስቱ።

ምን እንዳጠና ለሳቸው ማስረዳት ሆኖለት አያውቅም፤ ሰሞኑን ለራሱም እያቃተው ነው። ለጊዜው እንደመጣ፣ እዚህ ይቅር ወይስ ይመለስ ገና እንዳልወሰነ፣ እያሰበበት መሆኑን ነገራቸው።

«እያስተማርክ አስብ» ብለው የስምንተኛ ክፍልን በር ከፈቱለት።

ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። ተቀመጡ አላቸው። ከውጭ አትክልተኛው መሰላል ላይ ወጥቶ የመስኮቱን ጠርዝ ቢጫ መቀባት ጀምሯል፤ አስተማሪውን ሲያይ በብሩሹ ሰላምታ ሰጠው።

የት እንደደረሱ ተማሪዎቹን ጠየቀ። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ የድሮው መምህር ቀሪውን ሰኞ እንጨርሰዋለን ብለው እንደሄዱ ነገረችው።

«የምኑን ቀሪ?»

«እሱን ሰኞ ነበር የሚነግሩን።»

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ጠመኔ አነሣና ሰሌዳው አናት ላይ «ሰኞ» ብሎ ጻፈ።