የቀበቶ ቀለብ

ሴት ባሏን ታበላለች፤ እኔ ይመኙሽ የምባለው ግን የባሌን እባብ አበላለሁ። አዘዞ ላይ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የገባ እንግዳ ነው። ገበያ ስወጣ «ዛሬስ በላ?» ይሉኛል። ባሌን ይሁን እባቡን የሚጠይቁኝ አላውቅም። ሁለቱም አልበሉማ!

እባቡን ያመጣብኝ ራሱ ባሌ ክንዱ ነው። ክንዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመተማ ጎንደር የጭነት ማኪና ነድቷል። ባለፈው ጥቅምት ሰሊጥ ሲያራግፉ ከጆንያ መሃል ጣት የሚያክል የዘንዶ ግልገል ወጣ። አውራጆቹ ድንጋይ ሲያነሱ እሱ በኮፍያው አፍሶ ቤቴ ይዞልኝ መጣ። «ቀበቶ» ብሎ ስም አወጣለት። መርዝ የለውም አለኝ። የእባብ ነገር ከሔዋን ጀምሮ ለሴት አልበጀም፣ አውጣልኝ አልኩት። «ትንሽ ይደግና ቆላ እለቀዋለሁ» አለ። እሺ አልኩ፤ ሞኝ ነኝ።

ጥር ላይ ማኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበት በታች ደቀቀ። ግንቦት ሲገባ ሐኪሙ የእግሩን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና፣ «ይሄ የሚበላ ሰው አጥንት አይደለም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይብላ። ሰኔ አሥራ አምስት ተመለሱ፤ ካልገጠመ ስለ መቁረጥ እንነጋገራለን» አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ክንዱ ካልበላ እግሩ ይቆረጣል።

እሱ ደግሞ ከተገለበጠ ወዲህ አይበላም። ሁዳዴ ነው ሲል የንስሐ አባታችን መጥተው ፈቱት። ፋሲካ ሆነ፣ ዶሮ ሠራሁ፣ «ጠግቤያለሁ» አለኝ። ከምን? ከጣራው? እኔ አጎርሳለሁ፤ እናቱ እማማ አባይነሽ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከኮሶዬ መጥተው ከርመዋልና እሳቸውም ያጎርሳሉ፤ ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እጁን ታጥቦ ያጎርሳል። «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ጉርሻ ያጣላል!» እንላለን። ክንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይበላል። ቅዳሜ ቀበቶ የሚመገብበት ቀን ነው። እባቡ የዋጠ ዕለት ተመልሼ ስገባ የክንዱን ሰሃን ባዶ አገኘዋለሁ። ለካ የዚህ ሰው ደስታ ከእባቡ ጋር ነው አልኩ። እንግዲያው ቀበቶ ጾሙን እንዳያድር ብዬ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ።

እባብ ማብላት ግን እንዲህ ቀላል መስሏችኋል? ክንዱ አልጋ ላይ በዋለ ሰሞን እማማ አባይነሽ ለቀበቶ አዘኑለትና ጥሬ ሥጋ በእጃቸው አጎረሱት። አዎ፣ አጎረሱት! እሱም ሥጋውን ትቶ አውራ ጣታቸውን ያዘ፤ አልለቅም አለ። «በስመ ሥላሴ! የእባብ ልጅ እባብ!» ሲሉ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጣታቸውን በስንት መከራ አስለቅቄ በሳሙና አጥቤ፣ ወደ ከብት ሐኪሟ ወደ ነጃት ሮጥኩ።

«እትዬ፣ እኔ የበሬ ሐኪም ነኝ እኮ» ብላ ሳቀች። ልጅቱ ግን ሸጋ ናት፤ አስተማሪዋ ዘንድ ደውላ ጠየቀችልኝ። በእጅ አይጉረስ አለች፤ እጅ ሲያይ ምግብ መጣ ማለት ይለምዳል። ሞቶ የቀረበ አይጥ ይሁን፣ በሕይወት ያለው መልሶ እባቡን ይነክሰዋል። በረዥም ጉጠት ይያዝ፤ ከእባቡ ወገብ የወፈረ እንዳይሆን። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል፤ እያደገ ሲሄድ አይጡም አብሮ ከፍ ይበል። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን ሳይሞላው የነካው ሰው ያስተፋዋል፤ ከበረደውም ሆዱ አይፈጭለትም። ሳጥኑን የሚያሞቀው አምፖል ነውና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስታቅፈዋለሁ። ለራሴ ልጅ እንዲህ አላደረግኩም።

አንድ ሌላ ነገርም አዝዛኛለች፤ ከሚተኛበት ሳጥን አውጥቼ ሌላ ዕቃ ውስጥ እንዳበላው፣ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር እጅ እንዳይነክስ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበቶን ከክንዱ ክፍል በከረጢት ይዤ ጓሮ ማድቤት እወርዳለሁ፤ ባልዲ ውስጥ አይጡን ሰጥቼው ክዳኑን ገጥሜ እጠብቃለሁ። እማማ አባይነሽ አይጥ ላለማየት ቤተ ክርስቲያን ይሸሻሉ። ጠያቂም ቅዳሜ ደጃፌን አይረግጥም። ለክንዱ ምሳውን አስቀምጬለት ነው የምወርደው።

አይጡን የሚያቀርብልኝ ወንድሜ አወቀ ነው። ኮላ ድባ ገበሬ ነው፤ ጎተራው አጠገብ በወጥመድ ይይዛል። በግንቦት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ፌስታል ሙሉ ይዞ ከች አለ።

«አሥራ አንድ! በአንድ ቀን!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ለአያ ክንዱ እባብ ለሁለት ወር ይበቃዋል።»

«ምነው፣ ወጥመድህ ወለደ እንዴ?»

«ምን ወጥመድ አለ፣ መርዝ ነው እንጂ።»

አንዱን በጉጠት ይዤው ነበር። እንዳለ መልሼ ወረወርኩበት። «እባቡን ገድለህ ባሌን ልታስገድልብኝ!» አልኩት። ምስኪን፣ ሊረዳኝ ብሎ ነው። ፌስታሉን ቆፍሮ ቀብሮ ሄደ። ያን ቅዳሜ ቀበቶ አልበላም፤ እኔም አዝኜ ከክንዱ ራስጌ ተቀምጬ ስለዋልኩ የሱንም ምሳ እንደ ነበረ አነሣሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በወጥመድ የተያዘ ንጹሕ አይጥ መጣ። ቀበቶ ዞር ብሎም አላየው። እኔም ወዲያው ተመልሼ ከክንዱ ራስጌ ተቀመጥኩ፤ የሱም ሰሃን እንዳለ ተነሣ። በሦስተኛውም እንዲያው። ምናልባት መንገዱ እያስደነገጠው ይሆናል ብዬ በአራተኛው ሳጥኑን እዚያው ክንዱ አልጋ አጠገብ ተውኩትና አይጡን በጉጠት አፍንጫው ሥር ማወዛወዝ ያዝኩ። «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» እባብን በሞቴ አልኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በወዲያኛው በኩል እማማ አባይነሽ እንጀራ ጠቅልለው ልጃቸው አፍ ላይ ደቅነዋል። እባቡ አልበላም የሚለውን ወሬ የሰሙ ጎረቤቶችም ቅዳሜን ጨምረው መምጣት ጀመሩ፤ አግዳሚው ሞላ። ቀጠሮው ዘጠኝ ቀን ቀረው።

«ሁላችሁም አፌን ነው የምታዩት!» ብሎ ጮኸ ክንዱ። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ምንህን እንይልህ? ሌላ ምን ቀረህ?» አልኩት።

 ምላሴን ቢቆርጡልኝ ይሻለኝ ነበር። ጉጠቱን እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጣሁና ለነጃት ደወልኩ፤ የምሳደብበት ሰው ፈልጌ ነው።

«የነገርሽኝን ሁሉ አደረግኩ! አልበላም ካለ ሦስት ቅዳሜ ሆነው!»

«ዓይኑ ምን ይመስላል እትዬ?»

«አጓት ይመስላል። ምን ላድርግለት?»

«ቆዳው ሊለቅ ነዋ። እንዲህ ሲሆን ደህና አያይም፣ ይፈራል። የት ነው ያለው?»

«ክፍል ውስጥ። ላዩ ላይ ቆመን እየለመንነው ነው።»

«ኧረ እትዬ! ሰው እንዲህ ላዩ ላይ ተኮልኩሎ ማን ይበላል? ውሃ ያስቀምጡለት፣ ይክደኑትና ይውጡ። ቆዳውን ከጣለ በኋላ ይበላል። በፊት እንዴት ነበር የሚበላው?»

«ብቻውን። ክዳን ገጥሜበት።»

«አዩ!» አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ማድቤት፣ እናቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤቱ በየቤቱ ነበር። በሳምንት ውስጥ ክንዱ ብቻውን የሚቀመጥባት ሰዓት ያቺው ነበረች። እኔ ጅሏ በእባቡ ደስታ የበላ መስሎኝ!

ቀበቶን ከነሳጥኑ ማድቤት አወረድኩት፤ ውሃ አኖርኩለት፣ አምፖሉን አበራሁለት፣ በአሮጌ ጋቢ ሸፈንኩት። ሁለት እንቁላል በቅቤ ጠበስኩ። ክፍሉ ገብቼ፣ «ጎረቤቶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ተነሡልኝ» አልኩ። አኮረፉ፤ ያኩርፉ። ሰሃኑንና ውሃውን ክንዱ አጠገብ አስቀመጥኩ። «በሞቴ» ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፤ ነክሼ መለስኳት። ወጣሁና በሩን ገጠምኩ።

እማማ አባይነሽ ጉርሻቸውን እንደያዙ ደጃፍ ላይ ያዙኝ። «ምነው ልጄ፣ ልጄን በረሃብ ልትገድዪብኝ ነው?»

«ይተውት እማማ።»

«እናት እያለችው ብቻውን ይብላ? እንደ ውሻ?»

በሩን በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩ። እሳቸው ሊያልፉ፣ እኔ ላላሳልፍ። ሲጨንቀኝ ጉርሻቸውን ከእጃቸው ተቀብዬ ራሴ ጎረስኩት። አፌ ሞልቶ ሳያቸው እንባዬ መጣ፤ እሳቸውም አዩኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየን። ምንም አይሰማም። ልቤ ገብተሽ እዪው፣ ገብተሽ እዪው ይለኛል።

«ይመኙሽ!» አለ ክንዱ ከውስጥ፤ ቁጣው የጤነኛ ሰው ነው። «እዚህ እንቁላል ላይ ጨው የሚባል ነገር አላደረግሽም እንዴ?»

እማማ አባይነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በነጠላዬ አፈንኳቸው። ሮጬ ጨው አመጣሁ። በሩን ከፍቼ ግን እግሬ እንቢ አለኝ፤ ከገባሁ አየዋለሁ፣ ካየሁት ያቆማል። ዞርኩና በጀርባዬ ገባሁ። እየዳበስኩ አልጋው ጋ ደረስኩ፤ ጨዉን ወደ ኋላ ዘርግቼ አቀበልኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለኝ፤ አፉ ውስጥ ምግብ አለ።

«ምንም፣ ብላ» ልለው ነበር።

«ምንም» ብቻ አልኩትና ሳልዞር ወጣሁ።