በስብሰባ የተሸነፈው ኮሌራ

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ጓድ ዓምደሚካኤል ኮሌራን በስብሰባ አሸነፉት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሦስት ሳምንት ሲቀረው የፒያሳውን ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሰበሰቡና፣ «የውጭ እንግዶች እየመጡ ነው። ኮሌራ የሚባል ነገር የለም፤ ተቅማጥ ነው» አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፤ ነርስ ነኝ እንጂ ሰማዕት አይደለሁም።

በሽታው ስብሰባው ላይ ስላልተገኘ ውሳኔውን አልሰማም። በማግስቱ ዘውዲ ባሏን በታክሲ አመጣችው። ወርቅ ሠሪው ሐዱሽ ነው፤ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ጠፍቶ። ግሉኮሳችን ሊያልቅ ስለደረሰ ለእሱም ለሌሎቹም እየቆጠብን እንሰጥ ጀመር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ጄኔቫ ያሉት የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች ይህንኑ ሕግ አድርገውታል፤ ኮሌራ የገባበት አገር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ላሳወቀ እርዳታ ይላካል። ለተቅማጥ ግን ግሉኮስ በአውሮፕላን የሚጭን ማንም የለም።

ጓድ ዓምደሚካኤል ቢሮ መቀመጥ ስለማይወዱ የወሩን የሪፖርት ቅጾች ገና ባዶ ሳሉ ፈርመው፣ ማኅተም መትተው ይሰጡኝ ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን አንዱን አውጥቼ «ኮሌራ» ብዬ ጻፍኩ፤ የታማሚዎቹን ቁጥር ሞላሁና አንዱን ቅጂ ለበላይ፣ አንዱን ጄኔቫዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ላላቸው ቢሮ ላክሁ።

ወዲያው ተጠራሁ።

«ይህን ማን ጻፈው ጓድ ሙሉእመቤት?»

«ፊርማውም ማኅተሙም የእርስዎ ነው ጓድ። ባዶ ወረቀት ላይ ነው የመታሁት ካላሉ በቀር።»

ብዙ አሰቡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ኮሌራን በአብዮታዊ ድፍረት ያጋለጡት እርሳቸው ሆነው ተገኙ። አጨበጨብን።

ግሉኮሱ ሐሙስ ገባ። ሐዱሽ ረቡዕ ቀትር ላይ ሞቶ ነበር።

ዘውዲ የሞት ማስረጃ ልትወስድ መጥታ ካርቶኖቹ ሲራገፉ ቆማ አየች።

«ሲስተር፣ ይሄ ከሦስት ቀን በፊት ቢመጣ ኖሮስ?»

ለሁሉም ነገር ቀልድ አላጣም፤ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም። አፈርኩ። «የእግዜር ፈቃድ ነው» ማለት እችል ነበር፤ እሷም የጠበቀችው ይህንን ይመስለኛል።

«ይድን ነበር» አልኳት። «ፈርቼ ነው የዘገየሁት።»