የወንበር መሥሪያ ቤቱ ክንድ

ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬም ሃያ ስድስት ዓመት። በዚያን ዕለት ማለዳ የወንበር መሥሪያ ቤቱ ባለቤት የሆነው ታላቅ ወንድሜ፣ አንድ የጫማ ፋብሪካ ጎብኝቶ ተመለሰ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ በሰጋቱራው መካከል ቆመና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ሙሉ ወንበር አይሠራም!» ሲል ዐወጀ።

ሁለት አናጢዎች ነበሩን። አንደኛው ከቁመቱ የተነሣ ምሰሶ ይባላል፤ ሁለተኛው አጭርና ደልዳላ ስለነበረ ጉልቻ። እኔ እንጨት እልግ፣ ሙጫ አፈላና የተሠራውን እገጣጥም ነበር።

«ታዲያ ግማሽ ወንበር ማን ይገዛናል?» አለ ጉልቻ።

«አልገባህም። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰውዬ አየሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የጫማ ክር ማስገቢያ ብቻ ይበሳል። ሌላ ሥራ የለውም። ጫማው ግን እንደ ጎርፍ ነው የሚወጣው!»

«የራሱ ጫማስ?» አለ ምሰሶ።

«የራሱ ጫማ ምን ሆነ?»

«ክር ነበረው ወይ?»

ወንድሜ ይህን አላስተዋለም ነበር። ምሰሶን በፊተኛው ክፍል አስቀምጦ የፊት እግር ብቻ እንዲሠራ አዘዘው፤ ጉልቻን በኋለኛው ክፍል አስቀምጦ የኋላ እግር ሰጠው። እኔ በመካከለኛው ክፍል መቀመጫውንና መደገፊያውን ሠርቼ እንድገጣጥም ተወሰነ።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ያለ ምክንያት አልነበረም። ለከተማው የስብሰባ አዳራሽ ወንበሮች ሠርተን እንድናስረክብ ታዘን ነበር፤ ወንድሜም ስለዚህ ትእዛዝ በአማቱ ፊት፣ በምሳ ገበታ ላይ፣ ደረቱን እየደቃ ፎክሯል። አማቱ ጡብ ሠሪ ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ለአናጢ ከዳሩበት ቀን ጀምሮ፣ «እሳት የሚበላው ነገር ሥራ አይባልም፤ ሥራ ማለት እሳት የሚያጠነክረው ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ምሳ ላይም ይህንኑ ደገሙት። ወንድሜ ደሙ ፈላና፣ «በነሐሴ መግቢያ ወንበሮቹን ካላስረከብኩ፣ መጋዜን ሰቅዬ ጭቃዎን ልረግጥ እመጣለሁ!» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃሉን ሰጠ።

አማቱ በማግስቱ አንድ ጥንድ የላስቲክ ቦቲ ይዘው መጡና በሥራ ቤታችን በር አጠገብ፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት።

«ልክህ መሆኑን እንጃ» አሉት፤ «ግድ የለም፣ ጭቃው ያሰፋዋል።»

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በገባና በወጣ ቁጥር ቦቲውን ላለማየት አንገቱን ስለሚያዞር፣ ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ሳይላተም የዋለበት ቀን አልነበረም።

አሁን አናጢዎቹ በምን ይለኩ እንደነበር መናገር ይገባኛል። አንድ የቆርቆሮ ሜትር ነበረን፤ ነገር ግን ጫፉ ተቆርጦ ከአሥራ አንድ ቁጥር ይጀምር ስለነበር ማንም አያምነውም። እያንዳንዱ በገዛ ክንዱ፣ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ይለካ ነበር። አንድ ሰው አንድ ወንበር ብቻውን በሚሠራበት ጊዜ ይህ ጉዳት አልነበረውም። የምሰሶ ወንበር ከፍ፣ የጉልቻ ወንበር ዝቅ ይላል እንጂ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አሁን ግን የምሰሶ ክንድ ከፊት፣ የጉልቻ ክንድ ከኋላ ሆነ።

የመጀመሪያውን ወንበር ገጣጥሜ ባቆምሁት ጊዜ ወደ ኋላ አዘነበለ። ወለሉን ጠረጠርሁና ወደ ሌላ ጥግ ወሰድሁት፤ እዚያም አዘነበለ። ወደ ደጅ አወጣሁት፤ ምድርም ጠማማ ሆና ተገኘች። በዚህ መካከል አማትየው ደረሱ፤ ማንም ሳይጋብዛቸውም ተቀመጡበት። እግራቸው ከመሬት ተነሣ፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው መጣ፣ ዐይናቸውም ቀጥታ ወደ ሰማይ ሆነ።

«ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አሉ በእርጋታ።

«አባባ፣ ይመችዎታል?» አለ ወንድሜ።

«በጣም። ጥርስ ነቃዩ የታለ?»

እርሳቸው በሰው ድጋፍ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ምሰሶና ጉልቻ ተያያዙ።

«ያንተ እግር ነው ያጠረው!»

«ያንተ ነው የረዘመው! ለቀጭኔ ነው እንዴ የምትሠራው?»

«እኔ ይህን ክንድ ከአባቴ ነው የወረስሁት!»

«የእኔንስ ከገበያ ገዝቼው ነው?»

«በቃ!» አለ ወንድሜ። «ከሁለታችሁም ክንድ አልወስድም።» ዐይኑን ወደ እኔ መለሰ። እኔ ምሰሶም ጉልቻም አልነበርሁም፤ ተፈጥሮዬ መካከለኛ ነው። ቀኝ ክንዴን ያዘና እንደ ሳንቃ አገላብጦ መረመረው። «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ መለኪያ መሆን ነው።»

«ሙጫውስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ሙጫ የሚያፈላ አይጠፋም። የጠፋው ክንድ ነው።»

በክንዴ ልክ አንድ ዘንግ ብንቆርጥ እንደሚበቃ በትሕትና አሳሰብሁ። ምሰሶ ራሱን ነቀነቀ።

«ዘንግ ይላጋል። ይህ ሰውዬ ከበስተጀርባ ትንሽ ቢልገው ማን ይመሰክራል?»

«እኔም ይህን ሰውዬ ከዘንግ ጋር ብቻውን አልተወውም» አለ ጉልቻ። «ክንድ ግን ሰው ላይ የበቀለ ነው፤ ሲልጉት ይጮኻል።»

ሁለቱም እጃቸውን ክንዴ ላይ ጭነው፣ ከዚህ ክንድ በቀር በሌላ ልክ እግር ላይቆርጡ ማሉ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስሜ ክንድ ሆነ። ከፊተኛው ክፍል «ክንድ!» ይባላል፤ ሄጄ በእንጨቱ ላይ እጋደማለሁ። ከኋለኛው «ክንድ!» ይባላል፤ እመለሳለሁ። ወንድሜ ሙቀት ዕቃን ያስረዝማል ሲባል ሰምቶ ስለነበር ክንዴን በሙቅ ውኃ እንዳልታጠብ ከለከለኝ። የወንድሜ ሚስትም ምሳ ስታቀርብ፣ «ማንኪያውን በግራህ ያዝ፤ ያኛው የሥራ ዕቃ ነው» ትለኝ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ምሰሶ የፊት እግሮቹን ሁሉ ጨረሰ። ጉልቻ ግን መጋዝ ሲሞርድ የሚኖር ሰው ነበርና የኋላዎቹን ገና ሊጀምር ነበር። ምሰሶ የመጨረሻዋን እግር ሊያመሳክር «ክንድ!» አለ፤ ጉልቻ የመጀመሪያዋን ሊለካ በዚያው ቅጽበት «ክንድ!» አለ። እኔም ለሁለቱም መታዘዝ ስለፈለግሁ፣ ግማሽ አካሌ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ሲሮጥ ሰጋቱራው አንሸራተተኝና በመለኪያዬ ላይ ወደቅሁ።

ሐኪሙ የተሰበረውን ክንዴን ከክርኔ ጀምሮ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ በጀሶ አሸገው።

«ዶክተር፣ ይረዝማል ወይስ ያጥራል?» አለ ወንድሜ።

«ይድናል» አለው ሐኪሙ።

«መዳኑን አልጠየቅሁም።»

ወደ ሥራ ቤት ስንመለስ ጉልቻ መጋዙን ይዞ ይጠብቀን ነበር። ጀሶውን በጣቱ አንኳኳና፣ «የማልነው በዚህ ክንድ ነው» አለ።

«ጀሶ ጨምሮበታል እኮ» አልሁት።

«ሰው ካፖርት ስለለበሰ ሌላ ሰው ይሆናል?»

የኋላ እግሮች በሙሉ በካፖርቱ ልክ ተቆረጡ፤ እኔም በግራ እጄ እያዘዝሁ፣ ሁለቱ አናጢዎች እየገጣጠሙ፣ ወንበሮቹ አለቁ። ደርድረናቸው ስናይ ሁሉም እንደ ምእመን ወደ ፊት አጎንብሰው ነበር።

የማስረከቢያው ቀን ማለዳ አማትየው መጡ፤ ተቀመጡ፤ ቀስ ብለውም ተንሸራትተው በጉልበታቸው ወለሉ ላይ አረፉ።

«ባለፈው ሰማይ አሳያችሁኝ» አሉ ከዚያው ሆነው፤ «ዛሬ ደግሞ የምታሰግዱኝ ለማን ነው?»

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ቦቲውን አወረደና አንዱን ይጎትት ጀመር። ጠበበው። ምሰሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጉልቻ በሰጋቱራው አመካኝቶ አፍንጫውን ጠረገ። አማትየው ለጥቂት ጊዜ በደስታ ተመለከቱት፤ ከዚያ ግን ዐይናቸው ወደ ወንበሮቹ ተመለሰና ፊታቸው ተለወጠ፤ ልክ ጡብ ሠሪ የተሰነጠቀ ጡብ ሲያይ እንደሚለወጠው።

«ቆይ እስቲ፤ እናንተ ለመሆኑ በምንድን ነው የምትለኩት?»

ሁሉም ወደ እኔ አመለከቱ። እኔም ጀሶዬን ከፍ አደረግሁ።

«በእሱ?»

«በእሱ ነው፣ ጋሼ» አለ ጉልቻ። «መሐላ አለብን።»

አማትየው ኮታቸውን አውልቀው ጣሉ። «እኔ ጡብ ስሠራ የማንንም ክንድ አልለምንም! ቅርጽ አለኝ! ጭቃው ቅርጹ ውስጥ ይገባል፣ የተረፈው ይቆረጣል፣ አለቀ! ሠራተኛዬን እናቱ ረጅም ትውለደው አጭር፣ ጡቤ ምን አገባው? መዶሻ ስጠኝ፣ አንተ ምሰሶ!»

ከቁርጥራጭ ሳንቃ፣ ርዝመቷ በፊት እግር ልክ የሆነች፣ ገንዳ የመሰለች ቅርጽ መትተው አበጁ። ወንበሩን ገለበጡና የኋላ እግሩን ቅርጿ ውስጥ አስተኙት፤ ትርፉ ብቅ አለ። ቆረጡት። ወንበሩ ቀና ብሎ ቆመ። ሁለተኛውን ቆረጡ፤ ሦስተኛውን ለማንም ለመተው ልባቸው አልፈቀደም። ምሰሶ ያቀርባል፣ ጉልቻ ይገለብጣል፣ እርሳቸው ይቆርጣሉ፣ ወንድሜ በአንድ እግሩ ቦቲ በሌላው ካልሲ አድርጎ ወደ ደጅ ያወጣል። እኔ «አንተ ክንድ፣ ሥራህ መቀመጥ ነው» ተብዬ እየተቀመጥሁ እፈትናለሁ።

የወንድሜ ሚስት ምሳ ይዛ ገባችና ቆመች። «አባዬ! ለማን ነው የምትሠራው?»

መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ቆመ። አማትየው ወንበሮቹን አዩ፣ የአማቻቸውን ቦቲ አዩ፣ የሠሩትንም ነገር ያን ጊዜ ተረዱት።

«ዝም በይ» አሏት። «አንዲት እግር ናት የቀረችኝ።»

እርስዋንም ቆረጧት።

ወንበሮቹን በዚያው ዕለት አስረከብን፤ የአዳራሹ ኃላፊ ተቀምጦ ተነሣ፣ እንከንም አላገኘም። ወንድሜ ከጭቃው ዳነ። በማግስቱ ማለዳ ግን አማቱ፣ «ቅርጼን ረስቼ ነው» ብለው መጡ። በሠልስቱም መጡ። ጡቡን ለወንዶች ልጆቻቸው ትተው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከእኛ ጋር ዋሉ፤ ያንንም ቦቲ እርሳቸው ራሳቸው ይጫሙት ነበር፤ «ይህ ሰጋቱራ ክንድ ይሰብራል» ይላሉ። ከአማቱ ሥር ላለመሥራት ያን ያህል የደከመው ወንድሜም፣ ከአማቱ ሥር በገዛ ቤቱ ሠራ።

ጀሶው ሲፈታልኝ ሥራ አልነበረኝም። ሆኖም ምሰሶና ጉልቻ መሐላቸውን ስላላፈረሱ፣ በየማለዳው የመጀመሪያዋን እግር አንድ ጊዜ ክንዴ ላይ ካሳረፉ በኋላ በቅርጹ ይቆርጧት ነበር።

ይህን የጻፍሁት እንደማስታውሰው ነው። ቦቲው ጥቁር ይሁን ቡናማ አላረጋገጥሁም፤ መጀመሪያ የተንሸራተተውም ግራ እግሬ ይሁን ቀኙ እጠራጠራለሁ። በዚያ አዳራሽ ከነዚያ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ አንባቢ ቢገኝ፣ ያጎደልሁትን እንዲሞላልኝ፣ ያስረዘምሁትንም እንዲቆርጥልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።